በአሮጌው ኮምፒውተርህ ውስጥ የቀረው ስም

ይድረስ ከዓይኔ እንጂ ከአፌ ላልራቀው ለባለቤቴ፣ ለሙሌዬ፤

ከተለያየን አሥር ወር ከሃያ አንድ ቀን ሆነን። ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን ሰነበትክ ይባላል፤ አንተ ባለህበት ሰው ይሰነብት አይሰነብት ስለማላውቅ እሱን ዘልዬዋለሁ። እኔን ብትጠይቀኝ ፈርቼ ነው የሰነበትኩት። አስካለ ደግሞ መቼ ሳትፈራ ሰንብታ ታውቃለች ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። እውነትህን ነው። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የከባድ መኪና ጡሩምባ እፈራለሁ፣ ከወረዳ የመጣ ወረቀት ምን እንደሚል ሳላውቅ እፈራለሁ። የሰሞኑ ግን ከነዚያ ሁሉ የባሰ ነበር። የፈራሁት ሳሎን ጥግ ያለውን ኮምፒውተርህን ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ግቢው እንዳለ ነው። የከተማ ባቡር ሊዘረጋ ነው ተብሎ ዋናው መንገድ ስለተቆፈረ አቧራው እስከ ቡፌው ድረስ ይገባል፤ ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ይጻፍበታል። መብራት በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። ልጅህ ሜሮን ያው መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። የታክሲ ሰልፍ አንገላቷት ትመጣና ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች። አንተን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ እኔም አንተን እንደማስብ ታውቃለች፤ ስለዚህ ስለ ሽንኩርት መወደድ እናወራለን። እድሩ በአንተ ቦታ አዲስ ጸሐፊ መርጧል። ደህና ሰው ነው፤ የሚጽፈው ግን በእስክሪብቶ ነው፣ የጻፈውን ደግሞ በማግስቱ እሱ ራሱም አያነበውም።

ኮምፒውተሩን ያመጣኸው ቀን ትዝ ይልሃል? ፋብሪካችሁ አሮጌ ዕቃ ለሠራተኛው በጨረታ ሲሸጥ ደርሶህ፣ በጋሪ አስጭነህ፣ አንተ ከኋላ ስክሪኑን በሁለት እጅህ ታቅፈህ በእግርህ መጣህ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ ይፈነዳል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን አልተቀመጥኩም። ሜሞሪው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት ነው ስትለኝ ብዙ መስሎኝ ለእህቴ በስልክ ጉራ ነዝቼባታለሁ። ዛሬ የሜሮን ስልክ እንኳ ከዚያ ይበልጣል አሉኝ።

ሌላው ሰው በኮምፒውተር ዘፈን ይሰማል፣ ካርታ ይጫወታል። አንተ የሞቱ ሰዎችን ስም ጻፍክበት። እንዴት እንደጀመርክ የእድርተኛው ሁሉ ወሬ ነበር። ሰው ሲያርፍ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሁሉም ነገር በእድሩ ሥርዓት ይሄዳል፤ ካህኑ መጥተው የክርስትና ስሙ ማን ነበር ሲሉ ግን ቤተሰቡ እርስ በርስ ይተያያል። አርባ ዓመት አብሮ ኖሮ የሚስቱን የክርስትና ስም የማያውቅ ባል አይተናል። አይፈረድበትም፤ በቤት ውስጥ የማንጠራራበት ስም ነው። በለቅሶው ቀን በስንት ስልክ የተገኘው ስም ደግሞ ለሙት ዓመቱ ተመልሶ ይጠፋል። አንተ ያንን አይተህ፣ ሰው ባረፈ ቁጥር የክርስትና ስሙን ጠይቀህ ማታውኑ ትመዘግብ ጀመር። ሙት ዓመት የደረሰበት ሁሉ በራችንን አንኳኩቶ፣ አቶ ሙሉጌታ፣ የእናቴን ስም ይፈልጉልኝ ይልሃል። አንተም መነጽርህን አድርገህ፣ ማሽኑ እስኪነሳ ሁለታችሁም ትጠብቃላችሁ። ሲነሳ ደግሞ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ለቀስተኛው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ።

ያ ዝርዝር የተጀመረው ከእኛ ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን፣ አንድ ቀን ሳይሞላት የሄደችው፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ እንዳለች አንድ ቀን ነግረኸኛል። እኔ ምንም አላየሁ። ስወልድ ራሴን ስቼ፣ ስነቃ ሁለት ቀን አልፏል። አንተና ወንድምህ ሸኝታችኋት ተመልሳችኋል። ሐኪሞቹ እንደማትተርፍ ሲነግሩህ አንድ ቄስ ፈልገህ እዚያው አስጠምቀሃታል። ስም ወጥቶላታል፣ ስትጠይቂኝ እነግርሻለሁ አልከኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ። እኔ አልጠየቅኩህም። ስም ከሌላት የደረሰብኝ ክፉ ነገር ናት፤ ስም ካላት ግን ልጄ ናት፤ ልጄ ከሆነች ደግሞ ዕድሜ ልኬን ልጠራት ነው ብዬ ፈራሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ፈራሁ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ናት ስትለኝ እንኳ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁህ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ልጠይቅህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከጠየቅኩህ እንደማትነሳ አምኛለሁ ማለት ነው። ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። አንተም ራስህን ነቀነቅክ። በማግስቱ የለህም።

ወንድምህ ካንተ ቀድሞ ሄዷል፤ ቄሱ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። የልጄ ስም በዚህ ዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያ ግራጫ ሳጥን ውስጥ። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ፤ ያንተ ስም ሲጠራ የእሷም አብሮ እንዲጠራ ፈለግሁ። አባትና ልጅ አንድ ቀን እንኳ አብረው ይጠሩ ብዬ ካህኑን እለምናለሁ አልኩ። እንግዲህ መጠየቅ የማልችለውን ሰው ልጠይቅ ወስኜ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ቁልፉን ተጫንኩት።

እምቢ አለኝ። አንዳንዴ ይነሳና መሃል ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴ ሰማያዊ ሆኖ በነጭ ፊደል የማላውቀውን ይጽፍብኛል። ሜሮን ቫይረስ ነው አለች፣ ዊንዶውሱም አርጅቷል አለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከስንት ሙከራ በኋላ፣ ተነሳላት። መሃል ላይ እንዳይቆምባት አንዱንም ሳትከፍት፣ ቶሎ ብላ ያንተን ፋይሎች በሙሉ በፍላሽ ገለበጠችና ፍላሹን በእጄ አስጨበጠችኝ። በቃ እማ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ፣ አታካብጂ አለችኝ። ያን ቀን ማታ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ዝም አለ። እኔ ግን ፍላሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ስለነበር እንደ ሰው ተኛሁ።

ፍላሹ ያለ ኮምፒውተር ስለማይነበብ ሳጥኑን ልናስጠግን ወጣን፤ መጀመሪያ የወሰድነው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት ነው። የሚጠግነው ልጅ ሳጥኑን ሳይከፍት ፎርማት ይደረግ አለ። ፎርማት ምንድነው ስለው፣ ያለው ሁሉ ይጠፋና አዲስ ይጫናል አለኝ፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚለውን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ። ሜሮን ከኋላዬ እያፈረች መጣች።

ሁለተኛው ሳሪስ ነው፤ ከድር የሚባል የስልጤ ሰው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒም ያነሳል። እሱ ወንበር አቀረበልኝ። እትዬ፣ በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ይንገሩኝ አለኝ። በውስጡ የሟቾች ስም እንዳለ ነገርኩት እንጂ ስለ ልጃችን አልነገርኩትም። ከድርም፣ ስም የያዘ ነገር አደራ ነው አለና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑን ከፈተው።

ሙሌ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩልህ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ፋይሉን የሚከፍተው፣ ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው፤ ያለሱ ሳጥኑ ቆርቆሮ ነው። ያንተው ዊንዶውስ ኤክስፒ ተበላሽቷል። ከድር ሦስት መንገድ አለ አለኝ። እንደገና ያንኑ ኤክስፒ መጫን፤ ወይ አዲሱን ዊንዶውስ መጫን፤ ወይ ደግሞ ሊኑክስ የምትባል ሌላ ዓይነት መሞከር። አዲሱን ወዲያው ተውነው። የእርስዎ ሜሞሪ አንድ ክፍል ቤት ናት፣ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ ሶፋና ቡፌ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሰው መቆሚያ ያጣል አለኝ። ሜሞሪ ይጨመርበት ብንል የዚያ ዘመን ሜሞሪ መርካቶም ጠፍቷል። ከኤክስፒና ከሊኑክስ መምረጥ የእኔ ፋንታ ሆነ።

ሜሮን ኤክስፒ አለች፤ የለመድነው እሱ ነው። ከድርም ተስማማ። ፋይሉ በፍላሽ ስላለ ዲስኩን፣ ማለት ሁሉም የሚቀመጥበትን፣ አጽድተን እንጭነዋለን አለ። እኔም እሺ አልኩ። ሲዲውን አስገባ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ከድር ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ሁሉንም ላጥፋ ወይ ነው የሚለው አለኝ።

ያኔ ፈራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቆይ አልኩ። ቆይ፣ መጀመሪያ ፍላሹን እዚያኛው ማሽንህ ላይ ክፈትና የሙሉጌታን ዝርዝር በዓይኔ ልየው አልኩት። ሜሮን እማ በናትሽ አለችኝ፣ ደጅ ሰው ተሰልፏል። ከድር ግን ነጠላዬን ፈትቼ የሰጠሁትን ፍላሽ ሰካው።

ተከፈተ። መስመሩ አለ፣ ሠንጠረዡ አለ፣ ቁጥሩም አለ። ፊደል ግን የለም። በአማርኛው ቦታ የፈረንጅ ፊደልና ነጠላ ሰረዝ፣ ጭረት፣ ቅንፍ፣ ትርጉም የሌለው ነገር ተበትኗል። ከላይ እስከ ታች እንዲያ ነው። እኔ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ሲሞት ያየሁ መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ሬሳ ስንሸኝ አንድ ላይ እንዲህ አልደነገጥኩም።

ከድር ነው ቀድሞ የገባው። አንተ ስትጽፍበት የነበረው የድሮ የአማርኛ ፊደል ለብቻው የተጫነ ነው፤ ፊደሉ ያለው ዲስኩ ውስጥ እንጂ ፋይሉ ውስጥ አይደለም። ሜሮን ጽሑፉን ገልብጣ የሚነበብበትን ትታዋለች። ዲስኩን አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ ፊደሉን ከየት እናገኘዋለን ስለው፣ አላህ ያውቃል እትዬ አለኝ። ያን መጻፊያ የሚሸጥ ሰው ካየ ዓመታት ሆነውታል። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ሜሮን ወጥታ ደጅ ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዬ ላይ እጇን አደረገችና ዳግመኛ አታካብጂ አላለችኝም። ስንት ዓመት ስትስቁበት የኖራችሁት ፍርሃቴ አንድ ቀን ሥራ ሠራ፤ ይህን ልንገርህ ብዬ ነው ግማሹን ደብዳቤ የጻፍኩት።

ዲስኩን ነቅሎ በራሱ ማሽን እንዳይከፍተው መሰኪያው የድሮ ሆኖ አልገጥም አለው። እንግዲህ ያ አሮጌ ሳጥን ራሱ በራሱ መነሳት አለበት። የቀረችን ሊኑክስ ናት። ምን ታጠፋለች ብዬ ጠየቅኩት። ምንም አታጠፋም አለኝ፤ ከሲዲው ላይ ሆና ነው የምትነሳው፣ ዲስኩን አይታ ብቻ ትወጣለች፣ ለሁለት መቶ ሃምሳ ስድስትም አትከብድም። ሰው ኮምፒውተር ሲመርጥ ፍጥነቱን፣ መልኩን ያያል። እኔ የመረጥኩት ሳታጠፋ ማየት የምትችለውን ነው።

ሲዲው መዞር ጀመረ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ዝናብ ወረደ፣ እኔም ተበላሸ ብዬ ማርያም ማርያም አልኩ። ከድር ግን፣ ጤነኛ ነው፣ አይስጉ ይለኛል። አንድ ትንሽ ሰማያዊ ገጽ ወጣ፤ የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ፣ ምኑም ያንተን አይመስልም። ከድር ዲስክህን ከፈተ። ያንተ ማኅደሮች በስማቸው ተደርድረው አየኋቸው። ልክ ፊደሉ ያለበትን ሊፈልግ ሲል መብራት ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ፤ ሜሮን ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጬ ዲስኩ ይቃጠል ይሆን፣ መብራቱ ሲመጣ በኃይል ይመታው ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ከድር ሶኬቱን ነቅሎ አሳየኝ፤ እንዳይመታው አስቀድሜ ነቅዬዋለሁ አለኝ። እዚያ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ነው ስለ ልጃችን የነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለማላውቀው ሰው ነገርኩ። እሱም፣ የእናቴም እንዲሁ ሕፃን ሆና የሞተች አንድ አለች፣ በየዓመቱ ዱዓ ታስደርግላታለች፣ ስሟን ስትጠራ እኛ ልጆቿ ዝም እንላለን አለኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሌላም ነገር አሰብኩ። እኔ የጠራኝን ሰው በዓይኔ ሳላይ አቤት እንደማልል ታውቃለህ። እናቴ ናት እንዲያ ያሳደገችኝ፤ ሳታዪው የሚጠራሽ ሞት ሊሆን ይችላል እያለች። አንተ ይህን አውቀህ ከጓሮ ሆነህ ሦስት አራቴ አስካለ፣ አስካለ ትለኝና፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ እስክወጣ ድረስ በሳቅ ትሞታለህ። አንድ ጊዜ ብቻ አልሳቅክም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለሙታን ሲጸለይ ካህኑ ወለተ ሚካኤል ብለው ሲጠሩ የሰማሁ ቀን ነው። የእኔ የክርስትና ስም ነው። ከሞቱት ጋር ስጠራ ሰምቼ አጥሩን ተደግፌ ወጣሁ። አንተ ያን ጠዋት ቀድመኸኝ ወጥተህ ነበር። ቤት ስንገናኝ፣ ሙሌ፣ በቁሜ ስሜን ከሙታን ጠሩት ስልህ፣ በአገሩ ስንት ወለተ ሚካኤል አለች መሰለሽ አልከኝና ፊትህን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርክ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ በእኔ ፍርሃት ላይ መሳቅህ እንኳ ከዚያ ይሻለኝ ነበር።

መብራት መጣ። ከድር ሲዲውን እንደገና አስነሳ። ዲስክህን ከፍቶ፣ የድሮውን ዊንዶውስ ማኅደር በርብሮ፣ ፊደሉን አገኘው፤ አንስቶ ሊኑክሷ ውስጥ አስቀመጠው። አሁን እንክፈተው አለኝ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሙሌ፣ አልዋሽህም፣ ፊደሉ እምቢ እንዲል የፈለግሁ አንድ ቅጽበት ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት የሸሸሁት ነገር እፊቴ ሊመጣ ነው። እትዬ፣ አማርኛ ሆኗል አለኝ ከድር፤ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን መጠራረግ ጀመረ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም አሉ። የፋብሪካው ጓደኞችህ፣ ጎረቤታችን ባለ ወፍጮዋ፣ የእኔ እናት፣ ወንድምህ። ወደ ዝርዝሩ አናት ወጣሁ። ተራ ቁጥር አንድ። የዓለም ስም በሚለው ሥር፣ ሕፃን ይላል። የክርስትና ስም በሚለው ሥር፣ ወለተ ሚካኤል።

የኔን የጻፍከው መስሎኝ ነበር። መስመሩን በጣቴ ተከትዬ ሦስቴ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለ፤ ለሌላው ሁሉ ባዶ ነው፣ እሷ ጋ ግን ጽፈህበታል። በሚካኤል ዕለት ተጠመቀች፣ ቄሱ የዕለቱን ስም አወጡላት፣ ከእናቷ ጋር አንድ ሆነ። እናቷ ስትጠይቅ ይነገራት፤ እንዳትደነግጥ ቀስ ተብሎ።

ለካ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን የተጠራችው እሷ ናት። ለካ ቀድመኸኝ የወጣኸው ስሟን ለካህኑ ልትሰጥ ነው። ለካ ፊትህን ያዞርከው ፈርተህ ነው፤ በቁሜ ስሜ ከሙታን ጋር በየዓመቱ ሲጠራ እንደምኖር ባውቅ ምን እንደምሆን አንተ ታውቃለህ። እንዲያ የምትስቅብኝ ሰውዬ የእኔን ፍርሃት ለብቻህ ስትፈራልኝ ኖረሃል። እዚያ ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ። ከድር ማሽኑን ሲጠራርግ ቆየ፤ ከዚያ የበለጠ የሚጸዳ ነገር አልነበረውም።

ኮምፒውተሩ አሁን ቤት ተመልሷል። ከድር ያችን ቀላሏን ሊኑክስ ዲስኩ ላይ በተረፈው ባዶ ቦታ ጫነልኝ፤ ያንተን አንዱንም አልነካም። ፊደሉንና ዝርዝሩን በሁለት ሲዲ ገልብጠን አንዱን ሜሮን፣ አንዱን ከድር ያዙት። ሲነሳ ሻይ ሳይፈላ ይነሳል፤ ብታይ ትቀናለህ። ሜሮን መተየብ አስተማረችኝ። ይህን ደብዳቤ በአንድ ጣት ነው የምጽፍልህ፤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይጠፋ እየሰጋሁ በየመስመሩ አስቀምጠዋለሁ። በመጀመሪያ የጻፍኩት ግን ይህን አይደለም። የሁሉን ሰው ስም ስትመዘግብ የኖርክ ሰው ያንተን የሚመዘግብልህ አልነበረም። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በክርስትና ስምህ ገብረ መድኅን ብዬ ጻፍኩህ። ቀኑንም ጻፍኩት። ማስታወሻውን ባዶ ተውኩት፤ የምጽፈው እዚያ አይበቃም።

ትናንት የጎረቤታችን ልጅ የአባቷን ስም ፈልጊልኝ ብላ መጥታ አገኘሁላት። ስለዚህ አትስጋ፣ ዝርዝሩ በእኔ እጅ ነው፤ ሰው ባረፈ ቁጥር እጽፋለሁ። አንተንም እሷንም ሳልጠራ የማሳልፈው ዓመት አይኖርም። እስከዛሬም ቢሆን ስቆርብ፣ ጠበል ስጠመቅ፣ ስምሽ ማን ነው ባሉኝ ቁጥር ሳላውቅ የልጄን ስም ስናገር ኖሬያለሁ።

ሙት ዓመትህ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሁለቱን ስም በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌያለሁ። አሁንም እፈራለሁ፤ ስሜ ከሙታን ጋር ሲጠራ አጥሩን አልደገፍም ብዬ አልምልልህም። መጀመሪያ ገብረ መድኅን ይላሉ። ቀጥለው ወለተ ሚካኤል ይላሉ። እሷ አፍ አልፈታችም፣ አቤት ማለት አትችልም። እኔ ግን እዚያው ቆሜያለሁ። የሚጠራኝን ባላየውም፣ ሁለተኛ እስኪጠራ አልጠብቅም፤ በመጀመሪያው ጥሪ፣ በልጄ ፋንታ፣ አቤት እላለሁ።

ያንተው አስካለ